በቢጫው መስመር ጭነት ያልፋል?

ማንቡክና የነፃው ካርታ የመንገድ ደረጃ

ከመተከል ቆላ የሚወጣ ሰሊጥና አኩሪ አተር ዋጋው ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። መጀመሪያ አውድማው ላይ ገበሬውና ገዢው ይከራከሩበታል። ቀጥሎ የመኪናው ባለቤት፣ ሾፌሩና ደላላው «መኪናው እስከ የት ይገባል? በስንት ቀን ይመለሳል?» ተባብለው የማጓጓዣውን ሂሳብ ይቆርጡታል። የምርቱ ዋጋ ከኢትዮጵያ ምርት ገበያ በየዕለቱ ይሰማል። የመንገዱን ነገር የሚያሳይ ሰሌዳ ግን የትም የለም።

ለዚህም ነው ነጋዴው ወደ ስልኩ ካርታ የሚያየው። ካርታው ላይ ማንቡክን ይፈልጋል፤ ከከተማዋ የሚወጡትን መስመሮች ያያል፤ አንዱ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን፣ አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ነጭ ነው። ወፍራሙን «ደህና መንገድ»፣ ቀጭኑን «መጥፎ መንገድ» ብሎ ይተረጉምና ለሾፌሩ ቀን ይቆርጣል፣ ለገዢው ቃል ይገባል። ኪሳራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም በነፃው ካርታ ላይ የመንገዱ ቀለም የሚናገረው መንገዱ ማንን ከማን እንደሚያገናኝ እንጂ ተሳቢ መኪና በነሐሴ ያልፍበት እንደሆነ አይደለም።

ይህን ልዩነት አውቆ ካርታ የሚያነብና ሳያውቅ የሚያነብ ነጋዴ በአንድ ገበያ ውስጥ እኩል አይቆሙም። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

ማንቡክ የት ላይ ናት?

ማንቡክ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ የዳንጉር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የተነሳ የጭነት መኪና በደብረ ማርቆስና በቡሬ አድርጎ እንጅባራ ይደርሳል። እዚያ ዋናውን የባሕር ዳር መስመር ትቶ ወደ ምዕራብ በመታጠፍ ቻግኒን ያልፍና ወደ ቆላው ይወርዳል። ቀጥሎ የዞኑ ዋና ከተማ ግልገል በለስ አለች። ከዚያ ወደ ማንቡክ የሚዘልቀው መስመር ወደ ጉባ ወረዳና ወደ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ያመራል።

አካባቢው የበለስ ወንዝ ተፋሰስ ነው። ሰሊጥ፣ አኩሪ አተር፣ ለውዝ፣ ማሽላና ጥጥ ይመረትበታል፤ ዕጣንም ይወጣበታል። የግብርና ኢንቨስተሮች መሬት ተከራይተው ከሚያርሱባቸው የአገሪቱ ቆላዎች አንዱ ነው። ጎረቤቱ የፓዊ ወረዳ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. የሰፈራ ፕሮግራም ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ ገበሬዎች የሰፈሩበት ሲሆን፣ መንደሮቹ እስከ ዛሬ በቁጥር ይጠራሉ። የፓዊ የግብርና ምርምር ማዕከል በአኩሪ አተር ዝርያዎች ሥራው ይታወቃል።

ስለዚህ በዚህ ቆላ ሦስት ዓይነት መንገድ ጎን ለጎን ይገኛል። አንደኛው ዞንን ከወረዳ፣ ወረዳን ከግድቡ የሚያገናኘው ረጅም መስመር ነው። ሁለተኛው ቀበሌንና የገበያ ቦታን ከወረዳ ከተማ ጋር የሚያገናኝ የገጠር መንገድ ነው። ሦስተኛው ኢንቨስተሩ በራሱ ዶዘር ጠርጎ እስከ እርሻው የሚያስገባው መንገድ ነው። ከሳተላይት ሲታዩ ሦስቱም በደን መካከል የተዘረጉ ነጣ ያሉ መስመሮች ናቸው። በንግድ ዓይን ሲታዩ ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

ካርታውን የሚሠራው ማን ነው?

በብዙ ነፃ የስልክ ፕሮግራሞች ውስጥ ያለው ካርታ ምንጩ አንድ ነው፤ ስሙ ኦፕን ስትሪት ማፕ ይባላል። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድን የመሳሰሉት፣ ያለ ኔትወርክ የሚሠሩት ፕሮግራሞች የሚቀዱት ከዚሁ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቆላ እነዚህ ፕሮግራሞች መወደዳቸው አያስደንቅም።

ኦፕን ስትሪት ማፕን እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ አገር የጀመረው ስቲቭ ኮስት የተባለ ሰው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ማንኛውም ሰው ተመዝግቦ የሚያውቀውን መንገድ ይስላል፣ ስም ይሰጠዋል፣ የተሳሳተውን ያርማል፤ የተሠራውን ካርታ ደግሞ ማንም ያለ ክፍያ ይጠቀምበታል። እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ በመላው ዓለም ያሉ በጎ ፈቃደኞች ከሳተላይት ፎቶግራፍ እያዩ የዋና ከተማዋን የፖርቶ ፕሪንስን መንገዶች በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለው ለዕርዳታ ሠራተኞች አደረሱ። በዚያው ዓመት ይህንኑ ሥራ የሚያስተባብር ሰብዓዊ ድርጅት ተቋቋመ። ካርታ አልባ የነበሩ ብዙ የአፍሪካ ገጠሮች መስመር የተሳለላቸው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከዚህ ላይ ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የመተከልን መንገድ የሳለው ሰው ማንቡክን ያየ ላይሆን ይችላል። ሌላ አህጉር ተቀምጦ በኮምፒዩተሩ ላይ ፎቶግራፍ እያየ የሚሠራ ነው። ፎቶግራፉም የራሱ አድልዎ አለው፤ ሳተላይት ጥርት ያለ ፎቶግራፍ የሚያነሳው ሰማዩ ደመና በሌለበት ጊዜ ነው። በመተከል ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሚዘንብ ደመና የሌለው ጊዜ በጋ ነው ማለት ነው። በበጋ ደግሞ ኮቲቻ አፈር ደርቆና ነጥቶ ሰፊ መንገድ መስሎ ይታያል። ያው መንገድ በሐምሌ ጎማ የሚውጥ ጭቃ መሆኑን ፎቶግራፉ አይናገርም።

ደረጃው በምን ይወሰናል?

በዚህ ካርታ ላይ እያንዳንዱ መንገድ የደረጃ ስም ይለጠፍለታል። ከላይ ወደ ታች ሲቆጠሩ ትራንክ፣ ፕራይመሪ፣ ሰከንደሪ፣ ተርሸሪና አንክላሲፋይድ ይባላሉ። ከእነዚህ በላይ የፈጣን መንገድ፣ ከእነዚህ በታች ደግሞ ትራክ የሚባለው የእርሻና የደን መንገድ አሉ። በመደበኛው የካርታ ገጽ ላይ ትራንክ ብርቱካናማ፣ ፕራይመሪ ፈዘዝ ያለ ብርቱካናማ፣ ሰከንደሪ ቢጫ፣ ተርሸሪ ነጭ ሆኖ ይታያል። ትራክ በቡናማ ቁርጥራጭ መስመር ይሳላል።

ስሞቹ የእንግሊዝ አገር ስሞች ናቸው፤ ችግሩም አንድ እግሩን እዚያ ተክሏል። በእንግሊዝ ዋና ዋናው መንገድ መንግሥት የሰጠው ፊደልና ቁጥር ስላለው ካርታ ሠሪው የመንገዱን ሰሌዳ አንብቦ ደረጃውን ይጽፋል፤ ክርክር የለም። «አንክላሲፋይድ» የሚለውም ቃል በዚያ አገር የታወቀ ትርጉም አለው፤ ፊደል ያልደረሰው፣ ግን ሕዝብ የሚሄድበት አነስተኛ የሕዝብ መንገድ ማለት ነው። ወደ እኛ ሲመጣ ግን ብዙዎች «ደረጃው ገና ያልታወቀ» ብለው ይረዱታል። አንድን የቀበሌ መንገድ «አንክላሲፋይድ» ብሎ የጻፈ ሰው ደረጃ ሰጥቶታል እንጂ ሳይሰጠው አልቀረም።

ሰሌዳ በሌለበት የአፍሪካ ገጠር ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ የካርታው ማኅበረሰብ የደረሰበት መመሪያ አለ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ የመንገዱን ደረጃ የምትሰጠው በሚያገናኛቸው ቦታዎች ክብደት እንጂ በአስፋልቱ ወይም በጭቃው አይደለም። ታላላቅ ከተሞችን የሚያገናኝ መንገድ ኮረኮንችም ቢሆን ከፍተኛ ደረጃ ይሰጠዋል። ወደ አንድ እርሻ ብቻ የሚገባ መንገድ አስፋልት ቢሆንም ደረጃው ዝቅተኛ ነው። የገጹ ዓይነት፣ የልስላሴው መጠን፣ ወቅታዊ መሆን አለመሆኑ፣ ድልድይ መኖር አለመኖሩ ለየብቻ በሌላ መስመር ይጻፋሉ።

ይህን ለመረዳት ለነጋዴ የሚቀርበው ምሳሌ የሰሊጥ ገበያ ነው። በምርት ገበያ የሁመራ ጎንደር ሰሊጥና የወለጋ ሰሊጥ በዓይነታቸው ይለያያሉ፤ ደረጃቸው ደግሞ ለብቻው ይጻፋል። «የሁመራ ነው» የተባለ ሰሊጥ ሁሉ አንደኛ ደረጃ ነው ብሎ ገንዘብ የሚከፍል የለም። የመንገዱ ቀለምም እንዲሁ የዓይነቱ ምልክት ነው። የጥራቱ ደረጃ ሌላ ወረቀት ላይ ነው፤ አንዳንዴም ወረቀቱ ባዶ ነው።

የመንግሥት አመዳደብስ?

በአገራችንም የመንገድ አመዳደብ አለ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም የአገሪቱ መንገድ 6,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር 26,550 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ደግሞ ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ያለመ ነበር። መንገዱ በበዛ ቁጥር የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየትም የዚያኑ ያህል ያስፈልጋል።

የዛሬው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር፣ ባለሥልጣን በነበረበት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው የዲዛይን መመሪያ መንገዶችን በአምስት ይከፍላቸዋል። የመጀመሪያው አዲስ አበባን ከዓለም አቀፍ ጠረፎች ጋር የሚያገናኘው ዋና አውራ መንገድ ሲሆን በቀን 1,000 ተሽከርካሪና ከዚያ በላይ የሚጠበቅበት ነው። ሁለተኛው ከ400 እስከ 1,000 የሚገመትበት አገናኝ መንገድ ነው። ሦስተኛው ከ30 እስከ 1,000 የሚሄድበት ዋና መዳረሻ መንገድ፣ አራተኛው ከ25 እስከ 400 የሚሄድበት ሰብሳቢ መንገድ፣ አምስተኛው እስከ 100 የሚሄድበት መጋቢ መንገድ ነው።

አንባቢ ቁጥሮቹን አንድ ጊዜ ደግመው ይመልከቷቸው። በቀን 80 መኪና የሚያልፍበት መንገድ ዋና መዳረሻም፣ ሰብሳቢም፣ መጋቢም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ብቻውን አይለየውም፤ የሚለየው መንገዱ የሚያገናኛቸው ቦታዎች ናቸው። ዋና መዳረሻ በአውራጃ ደረጃ ክብደት ያላቸውን ማዕከሎች ያገናኛል፤ ሰብሳቢ የአካባቢ ማዕከሎችን ያገናኛል፤ መጋቢ እንደ ገበያ ያለ አነስተኛ ቦታን ከተቀረው መንገድ ጋር ያገናኛል። ስለዚህ የመንግሥት መሐንዲስም የነፃው ካርታ ሠሪም ሳይመካከሩ አንድ ሐሳብ ላይ ደርሰዋል። አምስቱ የመንግሥት እርከኖችም ከትራንክ እስከ አንክላሲፋይድ ካሉት አምስት ስሞች ጋር ፊት ለፊት ይገጥማሉ። ካርታ ሠሪው የውጭውን ስም ከማምጣት ይልቅ ከዚህ ቢነሳ ብዙ ክርክር ይቀርለታል።

ማንቡክ ስትመዘን

መርሁ ማንቡክ ላይ ሲሠራ ምን ይመስላል? ከግልገል በለስ በማንቡክ አድርጎ ወደ ጉባ የሚሄደው መስመር የዞን ዋና ከተማንና የሁለት ወረዳዎችን መቀመጫ ያገናኛል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ግንባታው ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ ያለው በዚሁ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ በሚያገናኘው ክብደት ከሚለካ ከአካባቢው መንገዶች ሁሉ የበላይ መሆኑ አያጠያይቅም። ገጹ በየትኛው ኪሎ ሜትር ምን ይመስላል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

የሚያሳስተው አንድ ወጥመድ የአስተዳደር ካርታ ነው። የክልሉ ርዕሰ ከተማ አሶሳ ናት። ነገሩን በወረቀት ብቻ ያየ ሰው ከማንቡክ የሚነሳው ዋና መንገድ ወደ አሶሳ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገር ግን ዓባይ ክልሉን ለሁለት ይከፍለዋል፤ መተከል በሰሜን፣ አሶሳና ካማሺ በደቡብ ናቸው። ለረጅም ዘመን ከመተከል ወደ አሶሳ የሚሄድ ሰው በጎጃም በኩል ወጥቶ፣ በቡሬና በነቀምት መስመር ዓባይን ተሻግሮ በወለጋ በኩል ይዞር ነበር። ጭነቱስ? የማንቡክ ሰሊጥ የሚወጣው በቻግኒ ነው፤ ከሌላ ክልል፣ ከአዊ ዞን ከተማ ጋር በተሳሰረ ገበያ። ስለዚህ የመንገዱ ደረጃ የቢሮውን ሰንሰለት ሳይሆን የኩንታሉን ጉዞ መከተል ይኖርበታል።

ሁለተኛው ወጥመድ ደረጃን መሐል መንገድ ላይ መቁረጥ ነው። ፎቶግራፍ አይቶ የሚሠራ በጎ ፈቃደኛ መንገዱ ከጠጠር ወደ አፈር ሲለወጥ ያይና ከዚያች ነጥብ ጀምሮ ደረጃውን ዝቅ ያደርገዋል። መንገዱ ግን እዚያ ላይ ከተማ አልጨረሰም፣ ጭነትም አላራገፈም። እንዲህ ሲደረግ ካርታው ሲርቅ የሚታየው ዋና መስመር ሜዳ ላይ ተቆርጦ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ወረዳ ሁሉ መንገድ የሌለው ይመስላል።

ለትናንሾቹ መንገዶች ደግሞ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ የመንገዱ መጨረሻ ገበያ ነው ወይስ ማሳ? ቀበሌ፣ ትምህርት ቤት ወይም የገበያ ቦታ ላይ የሚያልቅ መንገድ የሕዝብ መንገድ ነው፤ ተርሸሪ ወይም አንክላሲፋይድ ሊባል ይገባዋል። አንድ ኢንቨስተር እርሻ ላይ የሚያልቅ መንገድ ግን የቱንም ያህል ቢሰፋ ትራክ ነው። በፓዊ በቁጥር የሚጠሩትን መንደሮች እርስ በርስ የሚያገናኙት መንገዶች ከላይ ሲታዩ ከእርሻ መንገድ አይለዩም፤ ሰውና ገበያ ስላላቸው ግን የሕዝብ መንገዶች ናቸው።

ሂሳቡ ሲሠራ

ይህ ሁሉ የካርታ ሠሪዎች ጨዋታ ነው የሚል ነጋዴ ቢኖር ቀጥሎ ያለውን ሂሳብ ይመልከት። ካርታውን ተጠቅመው የጉዞ ሰዓት የሚያወጡ ፕሮግራሞች የመንገዱን ደረጃ ወደ ፍጥነት ይለውጡታል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኦኤስአርኤም የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለቤት መኪና ባወጣው መደበኛ ሠንጠረዥ ትራንክን በሰዓት 85፣ ፕራይመሪን 65፣ ሰከንደሪን 55፣ ተርሸሪን 40፣ አንክላሲፋይድን 25 ኪሎ ሜትር ይሰጣቸዋል። ትራክ በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ ጨርሶ የለም።

እንግዲህ 100 ኪሎ ሜትር የሆነ አንድ የቆላ መንገድ እንውሰድ። ካርታ ሠሪው ፕራይመሪ ብሎ ከጻፈው ፕሮግራሙ የ1 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ጉዞ ነው ይላል። አንክላሲፋይድ ካለው ያው መንገድ 4 ሰዓት ይሆናል። ትራክ ካለው ፕሮግራሙ መንገድ የለም ብሎ ሌላ ዙሪያ ጥምጥም ያሳያል። መንገዱ ግን አንድ ነው፤ የተለወጠው አንዲት ቃል ናት።

መፍትሔው ደረጃውን ዝቅ ማድረግ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። በዚሁ ሠንጠረዥ ፕራይመሪ የተባለው መንገድ ገጹ «አስፋልት ያልሆነ» ተብሎ ከተጻፈለት ፍጥነቱ ወደ 40 ይወርድና ጉዞው 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል። «ጭቃ» ከተባለ ወደ 10 ይወርድና 10 ሰዓት ይፈጃል። ደረጃው ሳይነካ የገጹ ዓይነት ሲጻፍ ካርታው እውነቱን መናገር ይጀምራል። ገጹ ሳይጻፍ ሲቀር ግን ፕሮግራሙ መንገዱን እንደ አውሮፓ መንገድ ይቆጥረዋል። ይህም ለቤት መኪና የወጣ ሂሳብ መሆኑ አይዘንጋ፤ 400 ኩንታል የጫነ ተሳቢ ከዚህ ሁሉ ይዘገያል።

ወደ ገንዘብ እንመንዝረው። የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት የቀረቡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ ነጋዴ 400 ኩንታል ሰሊጥ በኩንታል 100 ብር ትርፍ አገኛለሁ ብሎ ቢገዛ ጠቅላላ ትርፉ 40,000 ብር ነው። ካርታውን አይቶ ተሳቢው እስከ መጋዘኑ ይገባል ብሎ ተዋዋለ እንበል። ተሳቢው ድልድይ የሌለው ወንዝ ላይ ደርሶ ቆመ። ጭነቱ በአይሱዙ ተመላልሶ እስከ ተሳቢው እንዲመጣ ለኪራይና ለጫኝና አውራጅ በኩንታል 60 ብር ቢጠይቅ 24,000 ብር ወጣ ማለት ነው። የትርፉ 60 በመቶ በአንድ ወንዝ ማቋረጫ ላይ ቀረ። ተሳቢው የቆመበት ቀን፣ የገዢው ቅጣትና እርጥበት የነካው ጆንያ ገና አልተቆጠሩም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይህን ጊዜ ነው።

ክረምት ከበጋ

የእኛ ሰው መንገድን ሲጠይቅ ቀለሙን አይጠይቅም፤ «ክረምት ከበጋ ያስኬዳል?» ይላል። የድሮው የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ያወጣቸው ካርታዎችም ክረምት ከበጋ የሚያስኬደውን መንገድ በደረቅ ወቅት ብቻ ከሚያስኬደው ለይተው ያሳዩ ነበር። ዓለም ባንክም የገጠር መንገድ ተደራሽነትን ሲለካ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ከገጠሩ ሕዝብ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚኖረው ምን ያህል ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው መለኪያ የኢትዮጵያ ድርሻ 21.6 በመቶ ነበር። በዚያው ጥናት ኬንያ 56 በመቶ፣ ባንግላዴሽ 86.7 በመቶ አግኝተዋል።

በመተከል የወቅቱ ጉዳይ ከሌላው ቦታ ይብሳል። በፓዊ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 1,500 ሚሊ ሜትርን ያልፋል፤ እሱም በአንድ ረጅም ክረምት ተጠቃሎ ይወርዳል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ወደ ቆላው የሚገባው ዝናቡ ሲጀምር ነው። ሰሊጡ የሚታጨደው ደግሞ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ መሬቱ ገና ሳይደርቅ ነው። ስለዚህ ከፍተኛው የጭነት ፍላጎትና የመንገዱ የከፋ ጊዜ ይነካካሉ። በጥቅምት ጭነት የሚያወጣ ነጋዴ ዋጋው ሳይወርድ ይሸጣል፤ መንገዱ እስኪደርቅ እስከ ታኅሣሥ የሚጠብቀው ከብዙ ሻጭ ጋር ይጋፋል።

ቀለሙ የማይናገረው ሌላም ነገር አለ። መተከል ዞን በግጭት ሳቢያ በ2013 ዓ.ም. በኮማንድ ፖስት ሥር በነበረበት ጊዜ ካርታው ላይ የነበሩት መስመሮች አልተለወጡም። የጸጥታ ነገር ከካርታ አይነበብም፤ የሚጠየቀው ከሾፌሮችና ከአካባቢው ሰዎች ነው።

መሬት ሲሸጥና አክሲዮን ሲገዛ

የከተማ ኢንቨስተር ደግሞ ሌላ ስጋት አለበት። የእርሻ መሬት ውል ወይም የእርሻ ድርጅት ድርሻ ሲቀርብለት ከሰነዱ ጋር ካርታ ይያያዛል። «መሬቱ ዋና መንገድ ዳር ነው» የሚለው አነጋገር ዋጋ ይጨምራል። ነፃውን ካርታ ማንም ማረም ስለሚችል የእርሻ መንገድን ትናንት ማታ ወደ ሰከንደሪ ከፍ አድርጎ ዛሬ ጠዋት ቢጫውን መስመር ማሳየት አያስቸግርም።

ደግነቱ የካርታው መዝገብ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ መንገድ መቼ እንደተሳለ፣ በየትኛው ስም የተመዘገበ ተጠቃሚ እንደለወጠው፣ ከለውጡ በፊት ምን እንደነበረ ተጽፎ ይገኛል። ለአምስት ዓመት ትራክ የነበረ መንገድ ድርድሩ በተጀመረበት ሳምንት ሰከንደሪ ከሆነ ገዢው ምክንያቱን መጠየቅ መብቱ ነው። የቤት ካርታና የባለቤትነት ማረጋገጫ ሳያይ ቤት የማይገዛ ሰው የመንገዱን ታሪክ ሳያይ እርሻ የሚገዛበት ምክንያት የለም።

ከመፈረም በፊት

ለማንቡክም ሆነ ለሌላ የቆላ ገበያ ጭነት የሚያዝ ነጋዴ ወይም ደላላ ካርታውን በሁለት ደረጃ ቢያነብ ይጠቀማል። በመጀመሪያ ከቀለሙ መንገዱ ወዴት እንደሚወስድና ምን ምን ገበያ እንደሚያገናኝ ይወቅ። ቀጥሎ መንገዱን ነክቶ ዝርዝሩን ይክፈትና የገጹ ዓይነት፣ ወቅታዊነቱ፣ ስፋቱ፣ የድልድዩ የክብደት ወሰንና የወንዝ ማቋረጫው መጻፍ አለመጻፋቸውን ይመልከት። ባዶ ከሆኑ ካርታው «መንገዱ ደህና ነው» አላለም፤ ዝም ነው ያለው። ያን ጊዜ በዚያው ሳምንት ከመስመሩ የተመለሰ ሾፌር ይጠየቃል፤ ውሉም ላይ ተሳቢው እስከ የትኛው ከተማ እንደሚገባና ከዚያ ወዲያ ላለው ማመላለሻ ማን እንደሚከፍል በግልጽ ይጻፋል።

ባዶውን መሙላት ደግሞ የሌላ አገር በጎ ፈቃደኛ ሥራ ብቻ ሆኖ እንዲቀር የሚያስገድድ ነገር የለም። መስመሩን በየሳምንቱ የሚመላለሰው የማንቡክ ሾፌር በስልኩ የጉዞውን ዱካ መቅዳት ይችላል። የመጋዘን ሠራተኛው የትኛው ወንዝ መቼ እንደሚሞላ ያውቃል። ደንቡ አንድ ነው፤ ከሌላ ድርጅት ካርታ መገልበጥ ክልክል ነው፤ ራስ ያዩትንና የሚያውቁትን መጻፍ ይፈቀዳል። አንድ የጭነት ማኅበር ከአንድ የመኸር ወቅት በፊት የዳንጉርንና የጉባን ማቋረጫዎችና ድልድዮች አስመዝግቦ ቢጨርስ ወጪው የአንድ ሰው ጥቂት ቀናት ድካምና የሾፌሮቹ ምስክርነት ነው።

መረጃዬን ለተወዳዳሪዬ ለምን እሰጣለሁ የሚል ነጋዴ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን መንገዱን የማያውቅ ተወዳዳሪ ተሳቢውን ጠባብ ማቋረጫ ላይ ሲያስቆም ከኋላው የሚቆመው የሁሉም ጭነት ነው። መንገዱ አንድ ነው፤ ሲዘጋም ለሁሉ ይዘጋል። የመኪና ባለቤቶችም ያልታወቀ መንገድ ላይ የሚጠይቁት የስጋት ጭማሪ በኩንታሉ ላይ ይታሰባል፤ ከማንቡክ ገበሬ ዋጋ የሚቀነሰውም እሱ ነው። ገጹና ወቅቱ የታወቀ መንገድ ላይ ለዚያ ጭማሪ ምክንያት ማቅረብ ያስቸግራል።